ዐሥራ አራት ስፌት

ሰኞ ፪

የጀመርሁትን ለመፈጸም ያብቃኝ ብዬ ይህን ደብተር ዛሬ ከፈትሁ። ደብተሩን የገዛችልኝ ምራቴ ናት፤ መስመሩ ሰፊ ነው፤ ጫፉ ወፍራም የሆነ እስክሪብቶም ጨምራለች። «ቀጭኑ አልቆ ነው አባባ» አለችኝ። ካለቀ ምን ይደረጋል፤ በወፍራሙ እጽፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ መጣች። የወንዞችንና የምንጮችን ውኃ መለካት ሥራዋ ነው፤ በየዓመቱ ዝናቡ ሲበረታ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ወደ ተራራው ወጥታ ትሰነብታለች። አምና የመሥሪያ ቤቱን ድንኳን ተሸክማ ስትወርድ ጉልበቷ ተጎዳ፤ እስከ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ እጇ ግድግዳ ይፈልጋል።

«አባዬ፣ ድንኳኑ ብቻውን ስምንት ኪሎ ነው። ዘንድሮ ጉልበቴ አይችለውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ተሸክሜልሽ ልውጣ?»

«ስፋልኝ። ሁለት ኪሎ የማይሞላ።»

ከቦርሳዋ ጨርቅ አውጥታ ጭኔ ላይ ዘረጋችው። እንደ ሽንኩርት ልባስ የሳሳ ነው፤ እጄን ከላዩ ባሳርፍ የመዳፌ ሙቀት ጨርቁን አልፎ ጉልበቴን ነካው።

«ይህ ዝናብ ይመልሳል?»

«ጨርቁስ ይመልሳል። ውኃ የሚያስገባው ስፌቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ያንተ ሥራ ነው።» ሳቀች። «አርባ ዓመት ለካህናት ስትሰፋ ኖረህ ለእኔ ሲሆን ሊያቅትህ ነው?»

የካህናት ልብስና የመጻሕፍት ማኅደር ስሰፋ መኖሬ እውነት ነው። እሺ አልኋት። እሺ ካልሁ በኋላ ጨርቁን ደጋግሜ ዳበስሁት። ካህን ልብሱ ቢተረተር ያፍራል እንጂ አይሞትም።

ረቡዕ ፬

ጨርቁ እንደ ዓሣ ይሾልካል። በመርፌ ላያይዘው ብል መርፌው ራሱ ቀዳዳ ይተዋል፤ ስለዚህ በልብስ መቆንጠጫ እየያዝሁ ሰፋሁ። መርፌውን ክር ያስገባችልኝ ምራቴ ናት፤ እርሷ በአጠገቤ ስለ ነበረች ነው።

ዛሬ የተረዳሁት ነገር አስፈርቶኛል። አንድ ስፌት አንድ መሥመር ይመስላል እንጂ በተርታ የቆሙ ቀዳዳዎች ነው። ድንኳኑ በጣሪያው ላይ ዐሥራ አራት ስፌት አለው። ቀዳዳው ስንት ሺህ እንደሚሆን ማስላት ጀምሬ ተውሁት። ኖኅም መርከቡን የሠራው በእንጨት ብቻ አልነበረም፤ በውስጥም በውጭም ቅጥራን ቀብቶታል። ያን ሁሉ ቅጥራን ሲቀባ አንዲት ስንጥቅ አምልጣኝ ይሆን ብሎ ሌሊት እየተነሣ ይዳብስ እንደ ነበረ አልተጻፈም። እኔ ግን ሳይዳብስ አልቀረም እላለሁ።

ዓርብ ፮

ጃንጥላ ጠጋኙ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «ዶፍ» ይለዋል፤ ዝናብ ከሌለ እንጀራ የለውምና ሁልጊዜ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሁለት ቱቦ ሙጫ አምጥቶልኛል። ቱቦዎቹ ቁመታቸው አንድ ነው፣ ክዳናቸውም ሁለቱም ነጭ።

«አባታችን፣ ይስሙኝ» አለ። «የጣሪያው ጨርቅ ሲሊኮን የጠጣ ነው። ኩሩ ጨርቅ ነው፤ ከዘመዱ በቀር ማንንም አያስጠጋም። ሌላ ሙጫ ቢቀቡት የያዘ ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይላጣል።»

«የወለሉስ?»

«የወለሉ ሌላ ጨርቅ ነው፤ ለእርሱ ተራው ሙጫ። ለጣሪያው ሲሊኮኑ። ጽሑፉ ላይ አለልዎ። ጽሑፉን ካላመኑ ደግሞ ያሽትቱት፤ የጣሪያው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል።»

«ጽሑፍ ማንበብ ለእኔ ታስተምራለህ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! እኔ እኮ የተማርሁት ከጃንጥላ ሽቦ ነው።»

የጣሪያውን በጠረጴዛዬ ቀኝ፣ የወለሉን በግራ አኖርኋቸው።

ቅዳሜ ፯

ጉንፋን። ራሴ ከብዷል። ምግብ ጣዕም የለውም። ስፌቱ አልቋል። ምራቴ ክፍሌን አጽድታ ጠረጴዛውን ወለወለች።

ሰኞ ፱

ዛሬ ቀባሁት። ገና ከጠዋቱ ድንኳኑን በግቢው ገመድ ላይ ወጥሬ ዐሥራ አራቱንም ስፌት በጣቴ ተከተልሁ። ሙጫውን በትንሽ ብሩሽ እያጠገብሁ፣ ብሩሹ ያለፈበትን በግራ ጣቴ እየዳበስሁ ሄድሁ። ጣት አይዋሽም። ማታ ላይ ወገቤ ቀጥ አልል አለኝ።

ከመጀመሬ በፊት ጥቂት ተቸግሬ ነበር። ምራቴ ጠረጴዛውን ስትወለውል ቱቦዎቹን ከመቀሱ ጋር በአንድ ሣጥን ሰብስባቸዋለች፤ ቀኝና ግራው ጠፋ። ጽሑፉን ወደ መስኮቱ ወሰድሁት፤ ቀኑ ደመና ነበር። ወደ መብራቱ አመጣሁት፤ የዚህ ቤት መብራት ደካማ ነው። አሸተትሁት፤ በዚህ ጉንፋን ምን ይሸታል? ምራቴን ልጠራት ብዬ ነበር፤ እርሷ ግን ልብስ እያጠበች ነበርና አላስቸገርኋትም። ከሁለቱ አንዱ በእጄ ቀለል ያለ መሰለኝ። የተሻለው ሁልጊዜ ቀላሉ ነው ብዬ በእርሱ ቀባሁት።

ማክሰኞ ፲

በአትክልት ማጠጫ ሦስት ባልዲ ውኃ አፈሰስሁበት። ከሥሩ ገብቼ ተቀመጥሁ። ጠብ አላለም። ተመስገን። ምራቴ በመስኮት ሆና «አባባ፣ ገላዎን እየታጠቡ ነው?» ብላ ቀለደች። ከሳምንት ወዲህ የሳቅሁት ዛሬ ነው።

ሐሙስ ፲፪

ሄደች። በችኮላ የምጽፈው ነው።

ድንኳኑን አላጠፈችውም፤ በቡጢዋ እየጠቀጠቀች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ሞላችው። «እንዲህ አይደረግም!» ብል «አባዬ፣ እንዲህ ነው የሚደረገው» አለች። ሚዛን ላይ ሰቀለችውና አቀፈችኝ።

በር ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ፣ «ጣሪያውን በየትኛው ቀባኸው?» አለችኝ።

«በሚገባው።»

«ኮምጣጤ በሚሸተው?»

«ሥራዬን አታስተምሪኝ» አልኋት። ሳም አድርጋኝ ሄደች። በክፉ ቃል ሸኘኋት። ለምን እንዲያ አልሁ?

እሑድ ፲፭

ዝናብ። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። የእሑዱን ንባብ የማነበው እኔ ነኝና እንደ ልማዴ አደረስሁ፤ አንዲት ቃል አልዘለልሁም፣ አልደገምሁም። ስወጣ ደረጃው ላይ ሁለት ሰዎች በጃንጥላ ሥር ቆመዋል። አንደኛው «ገጹን ሳይገልጡ ጨረሱ እኮ» አለ። ሌላው «ታዲያ ያነባሉ ወይስ ያስታውሳሉ?» አለና ሳቁ።

የቤተ ክርስቲያኑን ጉባኤ ለዓመታት ያስተማርሁ ሰው በደረጃ ላይ መሣቂያ ልሁን! በልጅነቴ በቃሌ የያዝሁትን በሽምግልናዬ ብናገረው ነውሩ ምንድን ነው? ከቃሉ ይልቅ የገጹ ነገር ለምን አሳሰባቸው? መንገዱን ሁሉ ስብሰለሰል መጣሁ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በተራራው ላይ ቆርቆሮ የለም።

ማክሰኞ ፲፯

አፍንጫዬ ተከፈተ። ጠዋት የሳሙናው ሽታ ሲመጣልኝ ደስ ብሎኝ እንደ ሕፃን ሁሉን ማሽተት ጀመርሁ፤ ክሩን፣ የስፌት መኪናውን ዘይት፣ ማኅደሩን። ከዚያ ሣጥኑን ከፈትሁ።

የተጨመቀው፣ ያለቀው ቱቦ፣ ጣሪያውን የቀባሁበት፣ የቀለም ሽታ እንጂ ሌላ የለውም።

ለወለሉ ጥቂት ብቻ ወስጄለት ሊሞላ ጥቂት የጎደለውን ሌላውን ቱቦ ስከፍተው ኮምጣጤው ዓይኔን አስለቀሰኝ።

የጣሪያው ቁራጭ ተርፎኝ ነበር፤ ለሙከራ ሰፍቼ በዚያው ሙጫ የቀባሁት። በቡጢዬ ጠቀጠቅሁት፣ ዘረጋሁት፣ ደግሜ ጠቀጠቅሁት። በጥፍሬ ጫፉን ሳነሣው ሙጫው እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት ተነሣ፤ ስስበው እስከ ዳር ድረስ ተከተለኝ። ከሥሩ ቀዳዳዎቹ በተርታ ቆመዋል። አላየኋቸውም፤ ውኃ ጠብ አድርጌበት በመዳፌ ቈጠርኋቸው።

ረቡዕ ፲፰

ዘነበ። አልበላሁም።

«አባባ፣ ምን ሆኑብኝ?»

«ሆዴን ነው።»

ጠረጴዛውን ባትወለውል ኖሮ። ይህን ጻፍሁ፤ ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ ይቆይና ይፍረድብኝ። ጥፋቱን በሴት ልጅ መወልወያ ላይ ልደፋው ነው?

ምናልባት እንደ ቁራጩ አይላጥ ይሆናል። ምናልባት ዝናቡ ወደዚያ አይበረታም። ነገ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በመሥሪያ ቤቷ ሬዲዮ ቤተሰብ ይነጋገራል። ነገ እነግራታለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ከባድ ድንኳን በተራራው ሥር ባለው ሰፈራቸው ከወጥ ቤቱ ሰው ጋር አለ፤ በእርሱ ትደር። ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሐሙስ ፲፱

አልነገርኋትም።

በወረፋ ላይ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ከጉባኤው ናቸው፤ ተነሥተው ወንበር ለቀቁልኝ። የሬዲዮ ሠራተኛዋ «አባታችን፣ ቁልፉን ተጭነው ይናገሩ» አለች። የልጄ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ መጣ።

«አባዬ! ደኅና ነኝ። ዝናብ ነው ግን ደኅና ነን። እስካሁን በመጋዘኑ ውስጥ ነው ያደርነው፣ ድንኳንህን ገና አልተከልነውም።»

«እንግዲያው…» አልሁ። ከኋላዬ የሰዎቹ ዝምታ ጀርባዬን ነካኝ።

«ነገ በማለዳ ወደ ላይኛው ምንጭ እንወጣለን። ከባዱን እዚህ ትተን ያንተን ብቻ ይዘን ነው የምንወጣው። ሁላችንም ጀርባችን እየመረቀህ ነው!»

የሬዲዮ ሠራተኛዋ ሳቀች። እኔ ምን አልሁ? «እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» አልሁ። መልካም ቃል ነው፤ ከኋላው ተሸሸግሁበት። ምርቃትን መሸሸጊያ ያደረገ ሰው ምን ይባላል?

የፈራሁት ዝናቡን አይደለም። «እንዴት ሆኖ ተሳሳትህ?» እንዳትለኝ ፈራሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ፈራሁ። ልጄን በወንፊት ሥር ልኬ እኔ ለስሜ ዘበኛ ቆምሁ።

ዓርብ ፳

ሳይነጋ የምራቴን በር መታሁ። ባሏ፣ ወንዱ ልጄ፣ ሹፌር ነውና መንገድ ላይ ነው። ሁለቱን ቱቦዎች በእጇ አኖርሁ።

«አንብቢልኝ።»

ለምን አላለችኝም። መብራቱን አበራች። «ይሄኛው ሲሊኮን ነው። ይሄ ያለቀው ደግሞ…» ቱቦውን በእጇ አገላበጠችው። «ሲሊኮን ለጠጣ ጨርቅ አይሆንም ይላል አባባ። በትልቁ ነው የጻፉት።»

በትልቁ።

ነገርኋት። ሰምታኝ ስታበቃ ተግሣጽ ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብላ «እግርዎን ይስጡኝ፣ ጫማዎን ልሰርልዎ፤ ይቸኩሉ» አለች።

መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርን። የሬዲዮ ሠራተኛዋ ጠራች፣ ደጋግማ ጠራች። የመለሰላት የወጥ ቤቱ ሰው ነው። ልኬተኞቹ ከንጋት በፊት ወጥተዋል፤ ሬዲዮው ታች ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

«ከባዱን ድንኳን ይዞ ይከተላቸው» አልሁ።

«አባታችን፣ የስድስት ሰዓት ዳገት ነው፤ ዝናብ ነው። ያለ ምክንያት ሰው አልልክም። ልጅዎ አባቴ ድንኳኑን በውኃ ፈትሾታል ብላን የለ?» አለች የሬዲዮ ሠራተኛዋ።

ወረፋው ከትናንቱ ይልቅ ረጅም ነበር። ቁልፉን ተጫንሁ። «ወንድሜ፣ ጣሪያውን በማይሆን ሙጫ ቀብቼዋለሁ። ጽሑፉን አላነበብሁትም። ማንበብ አልችልም። ዓይኔ ፊደል ማየት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል።»

ቁልፉን ለቀቅሁ። ከዚያ የዚያ የማላውቀው ሰው ድምፅ፦ «እሺ አባቴ። ምሳውን ከምድጃ ላውርድና እወጣለሁ።»

ቅዳሜ ፳፩

ወሬ የለም። ሲዘንብ አደረ። አሁን የምፈራው ለአራት ሰው ነው፤ ሦስቱ በወንፊቴ ሥር፣ አንዱ በዳገቱ ላይ። ጸሎት ስጀምር በመካከል እቈጥራለሁ፤ ዐሥራ አራት ስፌት።

እሑድ ፳፪

ወሬ የለም።

ከንባቡ በፊት ወደ ቄሱ ቀርቤ «ዛሬ ሌላ ሰው ያንብብ፤ ዓይኔ አያይም» አልኋቸው።

«እናውቃለን» አሉኝ።

ያ ቃል አላሳረፈኝም፤ ይልቁንም አስደነገጠኝ። ሁሉ ያውቅ ከነበረ እኔ የጠበቅሁት ምንድን ነው? ልጄን በምን ለወጥኋት?

ምራቴ ማታ ስልኩን አጠገቤ አኑራ ወንበር ላይ ተኛች። ዝናቡ ጥቂት ረገብ ሲል ይሻላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሲመለስ ስፌቱን እንደ ገና እቈጥራለሁ።

ሰኞ ፳፫

ተገኙ! በሕይወት አሉ።

የሬዲዮ ሠራተኛዋ በስልክ ያለችውን እንዳለች እጽፋለሁ። የወጥ ቤቱ ሰው የደረሰው ዓርብ ሊመሽ ሲል ነው። ሦስቱ በድንኳኑ መካከል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ መኝታቸው በውኃ ተንሳፍፎ አገኛቸው። ልጄ መንቀጥቀጥ አቁማ ነበር፤ ባልደረቦቿ ተሻላት ብለው ደስ ብሏቸዋል። የወጥ ቤቱ ሰው ግን ያውቃል፤ በብርድ የተመታ ሰው መንቀጥቀጥ ሲያቆም ክፉ ነው። ስሟን ሲጠይቃት የእኔን ስም ነገረችው።

ከባዱን ድንኳን ተከሉ፣ ልብሷን ለወጡ፣ በመካከላቸው አስተኟት፤ ሲነጋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሁለት ሌሊት ዝናቡ አግቷቸው ሲወርዱ የወጥ ቤቱ ሰው ከነሸክሙ ተንሸራቶ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። እርሷ የሳንባ ምች ይዟታል፤ ሆስፒታል ናት።

ስልኩ ተዘጋ። አሁንም ይዘንባል።

ቅዳሜ ፳፰

የወጥ ቤቱን ሰው ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። ገና ወጣት መስሎኝ ነበር፤ ምራቴ ግን ጢሙ ሸብቷል አለችኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በደኅና እጁ ያዘኝ።

«ተዉ እንጂ አባቴ! ድንኳኑ እኮ አልተጎዳም፤ እኔ ነኝ ሥር ሆኜ ያዳንኩት።»

«ክንድህን ሰበርሁት።»

«ዳገቱ ነው የሰበረው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሐሙስ ዕለት ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጬ ምርቃትዎን ስሰማ ነበር። ያኔ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እጄን አልለቀቀውም፤ ነገር ግን ሌላ ቀልድ አልተናገረም።

እሑድ ፮

ይህን የምትጽፈው ምራቴ ናት፤ እኔ እናገራለሁ። ልጄ ትናንት ከሆስፒታል ወጥታ በእኔ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ሳሏ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኛል። ስትስል እፈራለሁ፤ ሳሉ ሲቋረጥ ይልቅ እፈራለሁ።

ምራቴ ደብተሩን ከመጀመሪያው ስትገልጠው ቆየችና «አባባ፣ የሐሙሱ ገጽ አይነበብም። መስመር በመስመር ላይ ነው የጻፉት» አለችኝ። (አባባ፣ ይህንንም ልጻፈው? አልኳቸው። ይጻፍ አሉኝ።) «ምን ነበር የሚለው?»

ይለፍ ልላት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ገጹን ማንም ሊያነበው አይችልም፤ እኔ ካልተናገርሁ አልተጻፈም ማለት ነው። የያዝሁትን የማልረሳ ሰው ነኝና ግን በቃሌ አልሁት፤ «አልነገርኋትም» ከሚለው ጀምሬ እስከ መጨረሻው፣ ዓረፍተ ነገር ሳላጎድል። እርሷም በስፍራው ጻፈችው።

ስጨርስ ሳሉ ጸጥ ብሏል። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፤ የእግሯን ኮቴ አልሰማሁም ነበር።

«ስሄድ በየትኛው ቀባኸው ብዬ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። አለማወቄን ግን አውቅ ነበር።»

መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ትንፋሿ ያፏጫል።

«የላይኛውን ምንጭ ሳልለካው ነው የተመለስኩት» አለች። «ሲሻለኝ እመለሳለሁ።»

«በከባዱ ድንኳን?»

«ጉልበቴ አይችለውም ብዬህ የለ?» እጇን ጉልበቴ ላይ አኖረች። «የድሮውን ሙጫ ሁሉ እንላጠዋለን። ከዚያ አንተ ትዳብሳለህ፣ እኔ አነባለሁ።»

ሣጥኑን አስመጣች። ክዳኑ ሲከፈት ኮምጣጤው ክፍሉን ሞላው። ቱቦውን ወደ አፍንጫዬ አቀረበችው።

«ሸተተህ?»

«ሸተተኝ። አንብቢው።»

አነበበችው።

«ድገሚው» አልኋት። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ስላት ምራቴ ሳቀች፤ ልጄ ግን አልሳቀችም። ቱቦውን ወደ መብራቱ አስጠግታ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ በዝግታ ሦስተኛ አነበበችልኝ።